«ከቅስቀሳ ሜዳ ተስፋ አይገኝም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአንዱ ቴሌግራም ወደ ሌላው ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። መጀመሪያ የላከልኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፤ ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ የሰፈራችን ሰዎች በሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ አገኘሁት። ጥሩ አማርኛ ነው። ጸሐፊው ብዙ ያነበቡ፣ ብዙም ያዩ ሰው መሆናቸውን አጻጻፋቸው ይናገራል። የሚሉት ግን ወደ ምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ጊዜውን ያባክናል፣ ከዚያ ተስፋ ይዞ የሚመለስ ደግሞ ራሱን ያታልላል ነው።

እኔ በቅርቡ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ፓርቲ ባዘጋጀው የቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ተስፋ ይዤ ተመልሻለሁ። የዚያም ሆነ የሌላ ፓርቲ አባል አይደለሁም። ስሙን የማልጠቅሰው ጉዳዬ ከእሱ ጋር ስላልሆነ ነው፤ ተፎካካሪው ቢጠራም እሄዳለሁ። ጽሑፉን አንብቤ ዝም ለማለት ያልቻልኩት ግን ስለ ራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙ ወጣቶች ከሥሩ «እውነት ነው፣ በቃኝ» እያሉ ሲጽፉ ስላየሁ ነው። በሃያ ዓመቱ «በቃኝ» የሚል ዜጋ ያሳዝነኛል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቅስቀሳ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ቲሸርትና ኮፍያ ፈልጎ፣ አለዚያም በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ያተረፈው ሞትና እስር ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር አደባባይ የወጣ ተስፋ ሰው ያስበላል። ሦስተኛ፣ አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅበት ምርጫ የአንድ ሰው ድምፅ ዋጋ የለውም። አራተኛ፣ ሞንታርቦና ጭብጨባ ባለበት ሰው በስሜት ይነዳል እንጂ አያስብም፤ ማወቅ የፈለገ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማኒፌስቶ ያንብብ። አምስተኛ፣ የዜጋ አቅም የሚጀምረው ከሆድ ነው፤ የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ያጎበጠው ሰው ስብሰባ ምን ይፈይድለታል? ምክራቸው በስብሰባው ቀንም በምርጫውም ቀን ቤት መዋል ይሻላል የሚል ነው።

የቲሸርቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ቲሸርት ይታደላል፤ አውቶቡስም ይመደባል። ስም እየተመዘገበ «ያልተገኘ ወየውለት» ተብሎ ሰው የወጣባቸው ጊዜያት እንደነበሩም ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ልክ ነው፤ በግዴታ የተሰበሰበ ሕዝብ የማንንም ፍላጎት አያሳይም። ግን ቲሸርት የተቀበለ ሁሉ ልቡን አብሮ ሰጠ ማለት አይደለም። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ያኔ ገዢው ፓርቲ የነበረው ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይ ላይ ደጋፊዎቹን ሰብስቦ አደባባዩን ሞልቶት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ በተሰጠው ድምፅ ግን ከአዲስ አበባ አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኘም። የዚህች ከተማ ሰው ኮፍያ ተቀብሎም የራሱን ሐሳብ ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ያውቅበታል።

ከዚህም ሌላ፣ የጸሐፊው አንደኛና ሦስተኛ ነጥብ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የአንድ ሰው ድምፅ እውነት ዋጋ ከሌለው፣ ያ ሁሉ ቲሸርት ለምን ይታተማል? ያ ሁሉ አውቶቡስስ ለምን ይከራያል? ዋጋ ለሌለው ነገር እንዲህ ገንዘብ የሚያወጣ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው። ሰዎች ከልባቸው ያጋሩትም ስለ እሱ ይመስለኛል። በዚህች ከተማ ያን ጊዜ የማያስታውስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጁ እንዳይወጣ በር የቆለፈ አባት፣ ወንድሟን ፍለጋ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ የዞረች እህት፣ እስከ ዛሬ ስለ ምርጫ ሲወራ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ይህን ፍርሃት የሚንቅ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም። ጸሐፊው ግን ከእውነተኛ ሐዘን ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ የተሳሳተ ነው። የሆነውን በየተራው እናስታውሰው።

ሚያዝያ 29 ቀን፣ እንዳልኩት፣ የገዢው ፓርቲ ስብሰባ ነበር። በማግሥቱ፣ እሑድ ሚያዝያ 30፣ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ የሆነው ቅንጅት በዚያው አደባባይ ሕዝብ ጠራ። ሕዝቡ ከየሰፈሩ በእግሩ ተምሞ አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሁለት ተፎካካሪዎች በተከታታይ ቀን በአንድ አደባባይ ደጋፊዎቻቸውን ጠርተው ሁለቱም ስብሰባዎች በሰላም ተበተኑ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ይዞ ድምፁን ሰጠ። አዲስ አበባ 23ቱን የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎቿን በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ደም የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነስቶ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998። የተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል፤ የሞቱ ፖሊሶችም አሉ።

እንግዲህ ከእነዚህ ቀናት ሰው የገደለው የትኛው ነው? አደባባይ ሄዶ ንግግር ሰምቶ የተመለሰበት ነው? ካርዱን ይዞ የተሰለፈበት ነው? ተስፋ ማንንም አልገደለም። የገደለው ጥይት ነው፤ ጥይቱን የተኮሰውም፣ ይተኮስ ያለውም ሰው ነው። «ተስፋ ያስበላል» ስንል ጥያቄውን ከተኳሹ ላይ አንስተን ወደ ሟቹ እናዞረዋለን። ጸሐፊው ይህን አስበው አደረጉት አልልም። ሆኖም ጽሑፋቸውን ያነበበ ወጣት ይዞት የሚሄደው ያንን ነው፦ የሞቱት ስለወጡ ነው የሞቱት፣ አንተ አትውጣ። ለእነዚያ ሰዎች እንዲህ ያለ መታሰቢያ አይገባቸውም።

«ምን አተረፉ?» ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ ሁለት ነው። ያን ጊዜ የጎደለው የሕዝብ ድፍረት አልነበረም። የጎደለው ሕዝቡ የሰጠውን ድምፅ የሚጠብቅ ተቋም ነው፤ ሁሉም ወገን የሚያምነው ምርጫ ቦርድ፣ ማንንም የማይፈራ ፍርድ ቤት፣ ቆጠራውን የሚከታተል የሲቪክ ማኅበር። ለዚያ መፍትሔው ቤት መዋል ሳይሆን ተቋሙን መጠየቅ ነው። በከፊልም ተጠይቋል። ያኔ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር የነበሩትና የታሰሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በ2001ዱ የማኅበራት ሕግ ከመራጮች ትምህርትና ከምርጫ ሥራ ርቀው የቆዩ ማኅበራት ተመልሰው እንዲሠሩ በር ከፈተ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ የምርጫውን፣ የፓርቲዎችን ምዝገባና የሥነ ምግባሩን ደንብ በአንድ ሕግ አሰባሰበ። ይህ ሁሉ በቂ ነው ብዬ አልከራከርም። በወረቀት ላይ ባለውና በምርጫ ጣቢያ በር ላይ በሚታየው መካከል ያለውን ርቀት እኔም አያለሁ። ግን ከምንም የመጣ አይደለም፤ በ1997 ለወጡት ሰዎች ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሌላው ትርፍ በዓይን የማይታይ ነው። በ1997 በቴሌቪዥን የታዩት ክርክሮች ሚኒስትር ከተቃዋሚው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለጥያቄ መልስ ሲያጣ ሕዝብ ያየባቸው ናቸው። ያን ያየ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚለው አባባል እንደ ቀድሞው አይኖርም። ንጉሡን ባይከስሰው እንኳ ሊጠየቅ እንደሚችል አውቋል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ቁጥር ይደረድራሉ፤ ቁጥሮቹም ትክክል ናቸው። በ2002 ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 አንድም ለተቃዋሚ አልቀረም። በ2013 መጀመሪያ ውጤታቸው ከተነገረው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን፣ የአዲስ አበባ ምክር ቤትን ደግሞ 138ቱንም ያዘ። ይህን አይቶ «ታዲያ እኔ ምን ልፈይድ?» ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ግን ይኸው ጽሑፍ በ1996 ተጽፎ ቢሆን ብለን እናስብ። ያኔም የ1992ን ውጤት፣ ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫ 481ዱን ያገኘበትን፣ ጠቅሶ «አሸናፊው የታወቀ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ማስረጃው ከዛሬው ብዙም አያንስም ነበር። በዓመቱ ግን በተከራከሩበት ይፋዊ ውጤት እንኳ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። ያለፈ ውጤት ያለፈውን ይነግረናል፤ የሚቀጥለውን የሚወስነው ሕዝቡ ምን ያህል ወጣ፣ ፓርቲው ምን ያህል ተዘጋጀ፣ ቆጣሪው ምን ያህል ታማኝ ነው የሚለው ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው በእኛ እጅ ያለ ነው። ጸሐፊው እንድንተው የሚመክሩንም እሱን ነው።

ስለ 2002 ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚያ ሁለት የቀሩ ወንበሮች አንዱን የያዘው የተቃዋሚ እጩ የተመረጠው ከአዲስ አበባ ነው። ሌላው የግል እጩ ነበር። ለአምስት ዓመት ምክር ቤቱ ውስጥ ከተቃዋሚ ፓርቲ የተሰማው ድምፅ የዚያ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። አዋጅ ሲወጣ አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ አልስማማም» ካለ ንግግሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ታሪክ ጸሐፊም ወደፊት ያገኘዋል። ያን ሰው የላኩት የመርካቶ አካባቢ መራጮች የተቀረው አገር ምን እንደመረጠ ሳያውቁ የራሳቸውን ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው።

ከአገራችን ውጭም እንይ፤ ጸሐፊው «በአፍሪካ የትም ሠርቶ አያውቅም» ብለዋልና። ጋምቢያን 22 ዓመት የገዙት ያህያ ጃሜ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በምርጫ ተሸነፉ። በዚያ አገር ያኔ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት አልነበረም፤ መራጩ ልጆች የሚጫወቱበትን የመሰለ ብይ ይዞ በእጩው ቀለም በተቀባ በርሜል ውስጥ ይጥላል፤ ብይው ሲወድቅ ቃጭል ይመታል፤ ሁለት የጣለ እንደሆነ ይሰማል። ዋናው ተቃዋሚ መሪ በዚያው ዓመት ታስሮ ነበር። አሸናፊው አዳማ ባሮ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ የማይታወቅ ሰው ነበር፤ የሕዝቡን ስሜት ያሳየው በሁለት ሳምንቷ የቅስቀሳ ጊዜ ጎዳና የሞላው ሰው ነው። ጃሜ ሽንፈታቸውን ተቀብለው መልሰው ካዱ፤ በመጨረሻ በጎረቤት አገሮች ግፊት በጥር 2017 አገር ለቀው ወጡ። በማላዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ምርጫ ተጭበርብሯል ያሉ ዜጎች ለወራት ሰልፍ ወጡ፤ ተፎካካሪዎቹም ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የካቲት 2020 ውጤቱን ሰረዘው፤ በሰኔ ምርጫው ሲደገም ሥልጣን ላይ የነበሩት ተሸነፉ። ጋናን እ.ኤ.አ. በ2008 ብንመለከት ከ9 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ሁለተኛ ዙር አሸናፊውን የለየው 40 ሺህ ገደማ ድምፅ ነው። ከሦስቱ አገሮች አንዱም እንደ እኛ አይደለም፤ የራሳቸው ታሪክና የራሳቸው ችግር አላቸው። ጸሐፊው ያሉት ግን «የትም» ነው፤ «የትም» የሚል ሰው ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል።

በአራተኛው ነጥብ ግማሹን እቀበላለሁ። እኔ የነበርኩበት ስብሰባ የመጀመሪያ ሰዓት ደካማ ነበር። ሞንታርቦው ከአዳራሹ ይበልጥ ነበር፤ እጩው ጮኸ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ብዙ የተባለ ነገር አልነበረም። ጸሐፊው ያንን ክፍል ብቻ አይተው ቢወጡ ኖሮ የጻፉትን ሁሉ ልክ ነው እል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ ነው። ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሳልተኛ አድሬ ነው ሥራዬ የምሄደው። አንተ ብትመረጥ ይህን ለማን ትነግርልኛለህ?» አሉት። እጩው ውሃ እንደሚያስመጣ ቃል ሊገባ ጀመረ። ከኋላ አንድ ተማሪ ተነሳና፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተ የምትወዳደረው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። የከተማው ውሃ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። ለዚያ የሚወዳደረው እጩያችሁ የት አለ?» አለው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው እርስ በርሱ መጠያየቅ ጀመረ። ብዙዎች በምርጫው ቀን አንዱን ለፓርላማ፣ አንዱን ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ወረቀት እንደሚቀበሉ በስሙ ያውቃሉ፤ የቱ ስለምን እንደሆነ ግን አይለዩትም ነበር። የፓርቲው ሰዎች የከተማውን እጩ ከጎን ጠርተው አስነሱት። እኚያ እናትም ያንኑ ጥያቄ ለሁለተኛው ሰው ደገሙለት። «እትዬ፣ እመለስበታለሁ» ሲላቸው፣ «አሁን ንገረኝ፣ ሰው ሁሉ ይስማ» አሉት።

ከዚያ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ተነሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከምርጫው በኋላ የት እናገኝሃለን?» እጩው መልስ አልነበረውም። ዝም አለ፤ ከዚያ «አላሰብኩበትም፣ ግን ልክ ነዎት» አለ። ሰብሳቢዋ ጥያቄውን ጻፈችው፤ ከመበተናችን በፊትም በምርጫ ክልሉ ውስጥ በወር አንድ ቀን ሕዝብ የሚቀበልበት ቦታ እንደሚያዘጋጁ ሰው ፊት ተናገሩ። ይፈጽሙት አይፈጽሙት ወደፊት እናያለን። ቃሉን የሰማው ግን አንድ ሰው አይደለም፤ የዚያ ሰፈር ሰው በሙሉ ነው።

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ስብሰባ እናውቃለን። ተጠርተን የምንቀመጥበት፣ አጀንዳው አልቆ የሚመጣበት፣ «ግንዛቤ የምንጨብጥበት»፣ በመጨረሻም ፈርመን የምንወጣበት ስብሰባ ሞልቷል። የቅስቀሳ ስብሰባ ከዚያ የሚለየው ፊት የቆመው ሰው የሚፈልገው ነገር ስላለና ያ ነገር በእኛ እጅ ስለሆነ ነው። ከወንበሩ በፊት ይለምናል። ከወንበሩ በኋላ እኛ ደጅ እንጠናለን። ስለዚህ የሚጠየቀው አሁን ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ተስፋ እጩው ያሸንፋል የሚል አልነበረም፤ ማሸነፉንም አላውቅም። ጎረቤቶቼ የሚጠይቁትን ማወቃቸው፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ ማረሙ፣ ሴትዮዋ «አሁን ንገረኝ» ለማለት አለመፍራታቸው ነው ተስፋ የሰጠኝ። ይህን ከማኒፌስቶ ማንበብ አይቻልም። ማኒፌስቶ አልመርጥህም ቢባል አይደነግጥም፤ «የት ትገኛለህ?» ቢባልም አይመልስም። ማኒፌስቶውን ይዞ መምጣት ግን መልካም ነው፤ ጸሐፊው ይህን በመምከራቸው አመሰግናቸዋለሁ። አንድ ወጣት እንዳደረገው ገጹን ገልጦ «እዚህ ያላችሁትና አሁን የምትሉት አይመሳሰልም» ማለት ያስችላል።

ስለ ስሜት የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ሕጉን ይመልከት። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለአራት ቀን ቅስቀሳ ይቆማል፤ የጥሞና ጊዜ የሚባለው ነው። ሞንታርቦው ዝም ይላል፤ ሰው የሰማውን ቤቱ ሆኖ ያበጥራል። ስብሰባ መሄድና ቁጭ ብሎ ማሰብ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ነገር አይደለም።

የመጨረሻው የሆድ ጥያቄ ነው። በእኔ ግምት ጸሐፊው ከልባቸው የጻፉት ይህንን ነው፤ በቅሬታቸው ላይም የምቃወመው የለም። ኑሮ ከብዷል። ደመወዝ ወር አይደርስም። የማልስማማው «መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ፖለቲካው ኋላ ይደርሳል» በሚለው ቅደም ተከተል ነው።

እሳቸው ራሳቸው ያነሱትን የቤት ኪራይ እንውሰድ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያደረገው፣ የኪራይ ጭማሪን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያስገባው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ያጸደቁት የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ሕጉን የወደደ አለ፣ የጠላ አለ፤ ተከራዩን ጠቀመ የሚል አለ፣ አከራዩን አሸሸ የሚልም አለ። ኪራይ የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም ማለት ግን አይቻልም። ደመወዝስ? ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ለዓመታት 600 ብር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ምክር ቤቱ ባጸደቀው ማሻሻያ ነው። ስንት መሆን እንደነበረበት ሊያከራክር ይችላል፤ ያ ክርክር ግን ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚያሸንፉት አይደለም። በየወሩ ከእጃችን የሚቆረጠውን ብር የሚወስኑት ዛሬ አዳራሽ መጥተው ድምፃችንን የሚለምኑት ሰዎች ናቸው። ድሃው ከስብሰባው በቀረ ቁጥር ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው የጠገበው ብቻ ይሆናል።

የተራበ ሰው ለመብቱ አይወጣም የሚለው አባባልም ከታሪካችን ጋር አይገጥምም። የካቲት 1957 ተማሪዎች እዚሁ ከተማ ፓርላማ ፊት ለፊት «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጥያቄው የጭሰኛው ሆድ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 እስኪወጣ ድረስ አሥር ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ስንቱ «ምን አመጣችሁ?» ብሏቸው ይሆን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ደግሞ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳና ወጥተው በእኩልነት የመታየት ጥያቄ አቀረቡ፤ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ዓመት ሳይሞላ የሙስሊሙ በዓላት እንደ ብሔራዊ በዓል መከበር ጀመሩ። ዛሬ አረፋን ሥራ ዘግቶ የሚያከብር ልጅ ይህ የተገኘው በሰልፍ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ሁለቱም ሰልፎች የምርጫ ቅስቀሳ አልነበሩም፤ ያኔ ፓርቲም የሚወዳደርበት ምርጫም አልነበረም። ያ ትውልድ ያላገኘውን መንገድ እኛ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 እና 38 አግኝተነዋል። በሰላም የመሰብሰብና የመምረጥ መብታችን ተጽፏል። የተመረጠው ሰው አመኔታ ሲያጣ ሕዝብ ሊያነሳው እንደሚችል አንቀጽ 12 ላይ ሰፍሯል። ያነሳነው የለም፤ ለማንሳት ግን መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የት እንደሚገኝም።

የምንመራረጥበትን ነገር ደግሞ አናውቀውም አይባልም። በየሰፈራችን እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፤ የጎደለ ካለ ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል። እድሩ ስብሰባ ላይ ከሚነሱት አባላት ብዙዎቹ የዕለት ጉርሳቸውን በስንት መከራ የሚያገኙ ናቸው። ከድንኳኑ፣ ከሰሃኑና ከወንበሩ ሒሳብ ላይ ፈቀቅ የማይሉ ሰዎች ስለ ከተማቸው በጀት ለመጠየቅ የሚያንሳቸው ችሎታ የለም። የሚያንሳቸው «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ስሜት ነው፤ እሱን ደግሞ ቤት ዋሉ የሚል ጽሑፍ አይሰጣቸውም።

ጸሐፊው የኪራይን ነገር የጻፉበት አንቀጽ ከጽሑፋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ግልጽ ነው፤ ቁጥር አለው፤ የብዙ ሰው ሕመም ነው። በምርጫ ክልላቸው የሚወዳደሩት እጩዎች ስብሰባ ሲጠሩ ያንን አንቀጽ ይዘው ቢሄዱና ፊት ለፊት ቢያነቡላቸው እመኛለሁ። አዋጅ 1320/2016 ላይ ምን ለማሻሻል እንደሚያስቡ፣ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከኑሮው ጋር እንዲሄድ በስንት ዓመቱ እንዲታይ እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው። የሚሰጧቸውን መልስ ደግሞ እንደዚህኛው ጽሑፍ ለሁላችን ያጋሩን፤ እኔም ለአክስቴ ልጅ መልሼ እልክላታለሁ።